ሲፈልግ የሚግል፣ ሲፈልግ የሚተው ምጣድ፦ ከደሴ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

ምጣዱ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በላሜራ አካል ላይ የተቀመጠ ባለ አንድ ሽቦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ጎኑ ላይ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ቤቱ ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ወይዘሮዋ በቀን ከ50 እስከ 60 እንጀራ ጋግረው ለሁለት ሱቅ ያስረክባሉ፤ ምጣዱ ሲቆም መተዳደሪያቸው አብሮ ይቆማል። ቤቱ የኪራይ ነው። ቆጣሪው ግቢው በር አጠገብ ሲሆን፣ ከሥሩ ካለው ብሬከር እስከ ማድ ቤቱ ሶኬት ድረስ 14 ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቷል።

ወይዘሮዋ ችግሩን የገለጹት "ሲፈልግ ይግላል፣ ሲፈልግ ይተዋል" ብለው ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስፒናው ተሰክቶ፣ ማብሪያው ተጭኖ፣ ምጣዱ ድንጋይ ሆኖ ይቆያል፤ ስፒናውን ነቅነቅ ሲያደርጉት ይነሳል። ሌላ ቀን ደግሞ በደንብ ሲጋገርበት ቆይቶ መሀል ላይ ይከዳል፤ የፈሰሰው ሊጥ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይግላል። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል። ሁለት ጊዜ ሽቦው ተበጥሶ ስለተገኘ የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ አንድ ጊዜ ስፒናው ተቀይሯል። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ደህና ይሰነብትና እንደገና ይጀምራል።

ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይሰጣል። አንዱ "የሽቦው ጥራት ነው"፣ ሌላው "የመብራቱ ማነስ ነው"፣ ሌላው "የደሴ ብርድ ሸክላውን ይዞት ነው" ይላል። የብርዱን ነገር በአጭሩ እንዝጋው። ሸክላው ለመጋገር ወደ 200 ዲግሪ መድረስ አለበት። በክረምት ጠዋት ከ12 ዲግሪ ሲነሳ 188 ዲግሪ፣ ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ ላይ ከ25 ዲግሪ ሲነሳ 175 ዲግሪ መውጣት ይጠበቅበታል። ልዩነቱ ከመቶ 7 ገደማ ነው። ይህ የመጀመሪያውን ማሟሟቂያ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያረዝመው ይሆናል እንጂ ምጣድ አያስቆምም። የመብራቱ ማነስ ግን እውነትነት አለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት ዓይነት መጥፋት

ባለሙያው ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ "እትዬ፣ ሲጠፋብዎት ይቺ ቀይ መብራት ትበራለች ወይስ አብራ ትጠፋለች?"

"እሱንስ ልብ ብዬው አላውቅም፣ ልጄ።"

ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ግን እዚህ ላይ ነበር። በዚህ ምጣድ ላይ ቀይዋ መብራት የታሰረችው ከውጭ የሚመጣው ገመድ በሚያርፍበት ሞርሴቶ ላይ ነው። መብራቷም ጠፍታ ምጣዱም ከቀዘቀዘ ችግሩ ከሞርሴቶው በፊት፣ ማለትም ከቆጣሪው እስከ ስፒናው ባለው መስመር ላይ አለ ማለት ነው። መብራቷ እየበራች ምጣዱ ከቀዘቀዘ ግን ችግሩን ከሞርሴቶው ወዲያ፣ ከሸክላው ሥር መፈለግ ይሻላል።

ስለዚህ ጥገናው ዘጠኝ ቀን እንዲቆይ ተደረገ። በልጃቸው ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ተሰመረ፦ ሰዓት፣ ስንተኛው እንጀራ ላይ እንደጠፋ፣ መብራቷ በርታ ነበር ወይስ ጠፍታ። ለነጋዴ ዘጠኝ ቀን መታገሥ ከባድ ነው፤ ቢሆንም በስድስት ወር ውስጥ ከወጣው የጥገና ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ርካሹ ምርመራ ይህ ነበር።

ደብተሩ 11 ጊዜ መጥፋቱን መዘገበ። በ7ቱ መብራቷም አብራ ጠፍታለች፤ ሁሉም የሆኑት ገና ሲሰካ ወይም ከመጀመሪያዎቹ አራት እንጀራዎች በፊት ነው። በቀሪዎቹ 4ቱ መብራቷ እንደበራች ነው ምጣዱ የቀዘቀዘው፤ እነዚህ ሁሉ ከ20ኛው እንጀራ በኋላ፣ ምጣዱ በደንብ ከጋለ ወዲያ የመጡ ናቸው።

አንድ በሽታ የመሰለው ነገር ሁለት ሆነ። አንዱ ቀዝቃዛ ሲሆን ይመጣል፣ በመነቅነቅ ይድናል። ሌላው ሲግል ይመጣል፣ በማረፍ ይድናል። ሦስቱ ጥገናዎች ለምን እንዳልያዙም ከዚህ ይገባል፤ አንዱን የነካ ጠጋኝ ሌላውን ትቶት ይሄዳል፣ ቤተሰቡም "ያው እንደገና ተበላሸ" ይላል።

ሌላም ነገር ከዚህ ይገኛል። የተበጠሰ ሽቦ ራሱን አይጠግንም። ምጣዱ ባለ አንድ ሽቦ ስለሆነ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ተቃጥሎ ቢለያይ ኖሮ ዳግም አይነሳም ነበር። እየጠፋ የሚመለስ ምጣድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመገናኛዎቹ ነው፦ ሶኬት፣ ስፒና፣ ሞርሴቶ፣ የሽቦው ጅራት የሚታሰርበት ቡሎን። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የላላ ወይም የጠቆረ መገናኛ በዚህች በፀጉር በምትለካ እንቅስቃሴ ይገናኛል፣ ይለያያል።

ሳይጫን የተለካ ቮልት ያሳስታል

ቀደም ሲል የመጣ ጠጋኝ ሶኬቱን በቴስተር ነክቶ "ፌዙ አለ" (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ክር ደህና ነው) ብሎ ሄዶ ነበር። አልዋሸም። በካቻቢቴ ቅርጽ የምትሠራው ቴስተር ለመብራት የምትፈልገው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ይበቃታል። ምጣዱ ግን 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ጠቁሮ በአንዲት ነጥብ ብቻ የተነካካ መገናኛ ለቴስተሯ ይበቃል፣ ለምጣዱ አይበቃም። ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ክር፣ ቢላቀቅም ቴስተሯ ፌዙ ላይ መብራቷን አትተውም። የምጣዱ ቀይ መብራትም እንደዚያው ናት፤ በደካማ መገናኛ በኩል ልትበራ ትችላለች። ስለዚህ የደብተሩ ምልክት የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል እንጂ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ምጣዱ እየጋለ፣ ኃይል እየጎተተ ሳለ የሚለካ ቮልት ነው።

ይህ ልኬት ክፍት በሆነ፣ ኤሌክትሪክ ባለበት ሶኬት ላይ ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ባለቤት አይሞክረው። የባለቤት መፈተሻ ሌላ አለ፦ 20 ደቂቃ ከተጋገረ በኋላ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ስፒናውን ነቅሎ፣ የስፒናውን ፕላስቲክ በመዳፍ መያዝ። እስከ ሦስት እስኪቆጠር መያዝ ካልተቻለ ወደ 60 ዲግሪ ደርሷል፤ በዚያ ሶኬት መጋገር መቆም አለበት። የወይዘሮዋን ስፒና ለአንድ ቅጽበት እንኳ መያዝ አልተቻለም።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ምጣዱ ሳይሰካ ሲለካ በቆጣሪው ሥርም በሶኬቱም 221 ቮልት ነበር። ሁሉም ደህና ይመስላል። ከዚያ ምጣዱ ተከፍቶ 15 ደቂቃ ከጋለ በኋላ እየተጋገረበት ተለካ። ክላምፕ ሜትሩ 15.6 አምፔር አሳየ። በቆጣሪው ሥር 216 ቮልት አለ፤ ሽቦው ጫፍ ላይ የደረሰው ግን 199.8 ቮልት ብቻ ነበር። ከ16 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። የት የት እንደቀረ ደግሞ እንዲህ ወጣ፦ ብሬከሩ ላይ 0.5 ቮልት፣ 14 ሜትሩ ገመድ ላይ 5.6፣ ሶኬቱና ስፒናው መካከል 6.2፣ ምጣዱ ውስጥ ሽቦው ከቡሎኑ ጋር በሚገናኝበት 3.9።

6.2 ቮልት ትንሽ ይመስላል። በ15.6 አምፔር ሲባዛ ግን 97 ዋት ሙቀት ነው፤ ያም ከአውራ ጣት በማይበልጥ የሶኬት ጉሮሮ ውስጥ ተከማችቶ። ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት ብረት ከ40 እስከ 60 ዋት መሆኑን ያስቡ። ሶኬቱ ሲፈታ የግራው ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ አብጧል። ስፒናውን አንቆ መያዝ የነበረበት የናስ ምላስ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ተለውጦ፣ እንደ አሮጌ የልብስ መቆንጠጫ ላልቷል፤ በጣት ሲጫን አይመለስም። ናስ አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ ተመልሶ የመቆንጠጥ ጉልበቱን ያጣል። ስፒናው ላይም ከዚያው ወገን ያለው እግር ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሽፋን ለብሷል። ጠዋት ጠዋት ምጣዱን አላስነሳ ያለው ይህ ሽፋን ነው፤ ሲነቀነቅ ይፋቅና አዲስ ነጥብ ይገናኛል። ባለፈው ስፒናው ብቻ ተቀይሮ ነበር። በላላው ምላስ ላይ አዲስ ስፒና ሲሰካ በአሥር ቀን ውስጥ እሱም ይጠቁራል።

በምጣዱ ውስጥ የቀረው 3.9 ቮልትም 61 ዋት ነው። ሸክላው ከተገለበጠ በኋላ ነገሩ ታየ። የሽቦው ጅራት ቡሎኑ ላይ አንድ ዙር ተጠምጥሞ ያለ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) በዳዶ (ቡሎኑ ላይ በሚዞር ማጥበቂያ) ብቻ ተጨፍልቋል፤ ከዚያው ዳዶ ሥር የመዳቡ ገመድ ገብቷል፤ የገመዱ ላስቲክ እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀልጦ ከሰል ሆኗል። ዳዶው በእጅ ይዞራል። ሲግል ቡሎኑ ተለጥጦ ሽቦውን ይለቀዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዘዋል። ከ20ኛው እንጀራ በኋላ የሚመጣው መጥፋት ይህ ነው።

ሽቦው ማጠሩ ያመጣው መዘዝ

እስካሁን ሁለቱ መጥፋቶች ተብራርተዋል። ብዙ ጠጋኝ እዚህ ላይ ሶኬት ቀይሮ፣ ዳዶ አጥብቆ ይሄድ ነበር። ሆኖም ሶኬቱ ለምን ተቃጠለ የሚለው ገና መልስ አላገኘም፤ ያለ እሱ ደግሞ አዲሱም ሶኬት ዕድሜ አይኖረውም።

ምጣዱ ከስፒናው ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ሽቦው ከሞርሴቶው ተፈትቶ ሲለካ 12.4 ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) ሆነ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት የሚሠራ ሽቦ ሲግል 13.8 ኦም መሆን አለበት (220 በ220 ተባዝቶ ለ3,500 ሲካፈል)። ሽቦው ከቀዝቃዛ ወደ ግለት ሲሄድ ኦሙ የሚጨምረው ከመቶ ከ3 እስከ 4 ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀዝቅዞ 13.4 አካባቢ ሊሆን ይገባ ነበር። አንድ ኦም ጎድሏል። የት ሄደ? ሁለቱ ጠጋኞች "የተቃጠለውን ቆርጠን ቀጠልነው" ሲሉ አብረው ቆርጠውት ነው።

ሽቦ ሲያጥር ምጣዱ የሚደክም የሚመስላቸው አሉ፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያጠረ ሽቦ ብዙ አምፔር ይጎትታል። ይህ ምጣድ ሙሉ 220 ቮልት ቢያገኝ 17.2 አምፔር፣ ወደ 3,780 ዋት ይወስድ ነበር። የቤት ሶኬት ደግሞ 16 አምፔር የሚችል ነው፤ እሱንም ለሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ መሸከም ይከብደዋል። ሽቦውን በቆረጡት ቁጥር ሳይታወቅ ሶኬቱ ላይ ጭነት ተጨመረ፤ ሶኬቱ ጋለ፣ ምላሱ ለሰለሰ፣ መገናኛው ጠቆረ፣ የበለጠ ጋለ። የቀረው ሽቦም በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር የሚሸከመው ሙቀት ስለጨመረ ለሁለተኛው መበጠስ ቶሎ ደረሰ።

ያጠረውን ሽቦ ከሸክላው ሥር በሚዘረጋበት በዚያው ቦይ ጫፍ ለማድረስ ደግሞ ጠጋኙ አንዱን ክፍል በጣም ስቦታል። ወይዘሮዋ "በዚህ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ ይወጣብኛል" ያሉት በትክክል ሽቦው የተሳበበት ቦታ ነው። ጥቅልሉ ሲራራቅ በዚያ ቦታ ሙቀቱ ይሳሳል፤ ጥቅልሉ በተጠጋጋበት ደግሞ ሙቀቱ ይከማቻል፣ ሽቦው የሚበጠሰውም እዚያ ነው። እንጀራው ራሱ የሽቦውን ካርታ ይሥላል፤ የት ነጭ፣ የት የተቃጠለ እንደሆነ ከተገለበጠ እንጀራ ጀርባ ማንበብ ይቻላል።

አንድ ነገር ልብ ይባል። የላላው ሶኬትና የላላው ዳዶ የሚበሉት ቮልት አምፔሩን ይዞት ነበር። ሶኬቱ ብቻ ታድሶ ሽቦው ባይነካ ኖሮ አምፔሩ ከ16 ያልፍ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሽቦ፣ ጅራት፣ ሶኬት፣ ገመድ አንድ ላይ ካልታደሱ ጥገናው ጉዳትን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይሆናል።

ጥገናው

ምጣዱ ሁለት ሰዓት ቀዝቅዞ፣ ስፒናው ተነቅሎ፣ ብርድ ልብስ ላይ ተገለበጠ። ገና የሞቀ ሸክላ ተገልብጦ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል። የታችኛው ላሜራ ተፈቶ፣ ፋይበሩ በጓንት ተነስቶ (ፋይበር በባዶ እጅ ሲነካ ያሳክካል፣ ብናኙም ለሳንባ ጥሩ አይደለም)፣ ጀሶው በቀስታ ተፍቆ ወጣ። በሸክላው ፊት ላይ ከጫፍ እስከ ቦዩ የሚደርስ ስንጥቅ አለ ወይ ተብሎ ታየ። ይህ ሁልጊዜ መታየት ያለበት ነው፤ በስንጥቅ የገባ ሊጥ ሽቦው ላይ ይከስላል፣ ማሰሻ የያዘ እጅም እንዲነዘር መንገድ ይከፍታል። እዚህ ቤት ሸክላው ደህና ነበር። ቢሰነጠቅ ኖሮ ሽቦ መቀየር ትርፉ ድካም ነበር፤ መጀመሪያ ሸክላው ነው።

አዲሱ ሽቦ ሲገዛ ሱቅ ውስጥ በሙልቲሜትር ተለክቶ ነው የተገዛው፤ 13.6 ኦም። ጅራቶቹ ተደርበው ሲታሰሩ ትንሽ ስለሚቀንስ 13.4 ላይ ያርፋል። በሱቅ ሳይለካ "የምጣድ ሽቦ ስጠኝ" ተብሎ የሚገዛ ሽቦ አንዳንዴ ለሌላ ዋት የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው። ሲባጎ በቦዩ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ይለካል፤ የዚህ ምጣድ ቦይ 9 ሜትር ገደማ ወጣ። ሲባጎው መሬት ላይ ተዘርግቶ አራት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ሽቦው እንደተጠቀለለ ዙሮቹ ተቆጥረው በአራት እኩል ይከፈላሉ፣ በክር ምልክት ይደረግባቸዋል። ከዚያ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በቀስታ ይስባል፣ የሽቦው ምልክት ከሲባጎው ምልክት ጋር እስኪገጥም። በአንድ ትንፋሽ የሚሳብ ሽቦ መሀሉ ይሳሳል፣ ዳርና ዳሩ ይጠጋጋል። ከልክ በላይ ከተሳበም ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ከሲባጎው ትንሽ አጠር አድርጎ ትቶ ቦዩ ውስጥ እየከተቱ ማስተካከል ይሻላል።

ጅራቱ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከሸክላው እስከ ቡሎኑ ያለው የሽቦ ክፍል ሸክላ ስለማያቅፈው ሙቀቱን የሚሰጠው አካል የለም፤ ነጠላ ከሆነ ራሱን ያቃጥላል። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ተፍታቶ፣ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ከራሱ ጋር ተጎንጉኖ ድርብ ይደረጋል። በድርቡ ውስጥ ያለው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል። በላዩ የሸክላ ዶቃ ይሰካበታል፣ ላሜራውን እንዳይነካ። ከዚያ በ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ላይ በሁለት ሮንዴላ መካከል፣ ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ሙሉ ዙር ይታሰራል። የመዳቡ ገመድ ከሽቦው ጋር በአንድ ሮንዴላ ሥር አይገባም፤ የራሱ ሮንዴላና የራሱ ዳዶ ይሰጠዋል። የሽቦው ብረት በሊድ አይበየድም፤ የተበየደ ቢመስልም ይላቀቃል። ከቡሎኑ እስከ ሞርሴቶው ያለው ገመድ ደግሞ ሙቀት የሚችል፣ በፋይበር የተሸፈነ መሆን አለበት፤ ተራው ላስቲክ ለ70 ዲግሪ የተሠራ ስለሆነ እዚያ ቦታ ይቀልጣል። የፕላስቲኩ ሞርሴቶም ወጥቶ የሸክላ ሞርሴቶ ተተካ።

ሶኬቱ ሙሉ በሙሉ ቀረ። በቀን ሦስት ሰዓት በ15 እና 16 አምፔር የሚሠራ ዕቃ በስፒና መንጠልጠል የለበትም። በምትኩ ከብሬከሩ ጀምሮ ባለ ሦስት ክር 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ተዘረጋ፤ ሁለት ሜትር ለመዞሪያ ተጨምሮ 16 ሜትር ተገዛ። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ ተገጠመ፣ ከምጣዱ በክንድ ርቀት ጎን ለጎን እንጂ በላዩ አይደለም፤ እንፋሎትና ሊጥ እንዳይደርሰው። ብሬከሩ 20 አምፔር ሆነ። ፊት የነበረው ገመድ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነበር። በዚያ ገመድ ላይ ብሬከሩን ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ብዙ ቦታ እንደሚደረገው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ የፊውዝ ሥራ እንዲሠራ መተው ነው።

ሦስተኛው ክር ግራውንድ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ነው። በአሮጌው ሶኬት የግራውንድ ቀዳዳ ነበረ፣ ከኋላው ግን ምንም አልታሰረበትም። አሁን የምጣዱ ላሜራ ከግቢው የግራውንድ ዘንግ ጋር ተገናኘ፤ ከብሬከሩ ጎንም ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲሾልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ተጨመረ። አዲስ ጀሶ የተደረገበት ምጣድ እርጥበቱ እስኪወጣ ይህን ብሬከር ሊጥለው ይችላል። በደሴ ክረምት ጀሶው ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ምጣዱ ሁለት ቀን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ተደርጎ ደረቀ። ብሬከሩ ቢወድቅ "ይሄ ነገር አስቸገረ" ብሎ ማውጣት የሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው።

ወጪውን በተመለከተ አከራዩ ገመዱንና ብሬከሩን፣ ወይዘሮዋ ሽቦውንና የምጣዱን ዕቃዎች ሸፈኑ። ገመዱ ከቤቱ ጋር ስለሚቀር ይህ ክፍፍል ተገቢ ነበር።

ከጥገናው በኋላ

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሁኔታ እንደገና ተለካ። በቆጣሪው ሥር 216 ቮልት፣ ምጣዱ ውስጥ ሽቦው ጫፍ ላይ 213.4 ቮልት። መንገድ ላይ የሚቀረው ከ16 ወደ 2.6 ቮልት ወረደ። አምፔሩ 15.5፣ ለእንጀራው የሚደርሰው ኃይል ከ3,117 ዋት ወደ 3,300 ዋት ከፍ አለ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ከፊተኛው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ግድግዳውንና ሶኬቱን ሲያሞቅ የነበረው አሁን ሊጡን ማብሰሉ ነው። ነጩ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠፋ። ደብተሩ በሚቀጥሉት 20 ቀናት አንድም መጥፋት አልመዘገበም።

ቢሆንም ወይዘሮዋ አንድ ነገር ደጋግመው አነሱ፦ "ጠዋት እንዲህ እየጋለ፣ ማታ ለምን ይለግማል?" ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እየተጋገረ ሲለካ በቆጣሪው ሥር 194 ቮልት ብቻ ተገኘ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ግቢው ድረስ የሚመጣው ራሱ ቀንሷል። ምጣድ ላይ የቮልት መቀነስ በእጥፍ ይቆጠራል፤ ቮልቱ ከመቶ 10 ሲወርድ ኃይሉ ከመቶ 19 ይወርዳል። በዚያ ምሽት ሽቦው ያገኘው 2,660 ዋት ያህል ነበር፤ ከጠዋቱ ጋር ሲተያይ አምስተኛው እጅ ጎድሏል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድና ምድጃ ሲከፍት የሚሆን ነው፤ በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ጎረቤት የተናገረው "የመብራት ማነስ" በዚህ ልክ እውነት ነው። ምጣዱን ያዳክመዋል፣ እንጀራውን ያዘገየዋል፤ ምጣዱ እየጠፋ መመለሱን ያመጣው ግን እሱ አልነበረም።

ለዚህ ስታቢላይዘር ይገዛ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚሸጡት 1,000 እና 2,000 ዋት የሚችሉ ናቸው፤ በእነሱ ላይ 3,500 ዋት ምጣድ ቢሰካ ይቃጠላሉ። ሽቦውን አሳጥሮ "ማታም እንዲግል" ማድረግም የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ይህ ምጣድ የታመመው በዚያው መንገድ ስለሆነ አይታሰብም። የተደረገው ቀላል ነው። ሊጡ ማታ ተዘጋጅቶ ያድራል፣ መጋገሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት ቮልቱ 218 ድረስ ይገኛል። ማታ መጋገር ግድ ሲሆን ምጣዱ አምስት ደቂቃ ጨምሮ እንዲግል ይጠበቃል፣ በእንጀራና በእንጀራ መካከልም ሊጡ ሳይፈስ አክንባሎው ተደፍቶ ግማሽ ደቂቃ ይቆያል።

በሰባተኛው ቀን ባለሙያው ተመልሶ ብሬከሩን ዘግቶ፣ በቴስተርም በሙልቲሜትርም ኤሌክትሪክ እንደሌለ አረጋግጦ፣ የታሰሩትን ብሎኖች ሁሉ እንደገና ነካ። አዲስ መገናኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይላላል። የምጣዱ ሁለት ዳዶዎች እያንዳንዳቸው ሩብ ዙር ያህል ሄዱ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የኒውትራሉ ብሎን ግማሽ ዙር ሄደ። ቀጣዩ ማጥበቅ ከሦስት ወር በኋላ እንዲሆን ቀኑ በዚያው ደብተር ላይ ተጻፈ፤ ደብተሩም ማድ ቤቱ ውስጥ ከማብሪያው ጎን ምስማር ላይ ተሰቀለ።